የሚፈተነው ልጁ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ?

(ቅዳሜ ከሰዓት አሜሪካ ለሚኖሩ ሀበሻ ወላጆች ከተደረገ ንግግር፣ ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ)

እሺ ጤና ይስጥልኝ፣ ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ማይኩ ይጮሃል መሰለኝ፣ በቃ ያለሱ ልሞክር። ቅዳሜ ስራ የሚገባ ሰው እንደሚበዛ አውቃለሁ፣ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ፣ ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁም አትሳቀቁ ይጩሁ፣ የምናወራው ስለነሱ አይደል። ደሞ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ።

ባለፈው አንድ አባት ማታ ደወለልኝ፣ ድምፁ መርዶ የሰማ ሰው ነው የሚመስለው። ምነው ስለው "ልጄ ወደቀ" አለኝ። ስንተኛ ክፍል ነው? አራተኛ። ከምን ነው የወደቀው? ከስቴቱ ፈተና። ለካ የውጤት ደብዳቤ ቤት መጥቶለት ነው፣ ደብዳቤው ላይ አራት ሳጥን አለ፣ የልጁ ነጥብ ሁለተኛው ላይ አርፏል፣ ሁለት ከአራት ማለት ግማሽ ነው፣ በቃ አለቀለት ብሎ ልጁን ሲቆጣ አምሽቷል። ክፍል ሊደግም ነው ወይ፣ ሰባተኛ ስምንተኛ ሲደርስ ሊያባርሩት ነው ወይ፣ ምናምን እያለ ይጠይቀኛል።

አልፈረድኩበትም። እኛ ያደግነው በሚኒስትሪና በማትሪክ ነው። ፈተና ማለት ለኛ ወንፊት ነው፣ የሚነፋውም ልጁ ነው፣ ያለፈ ያልፋል የወደቀ ወደቀ፣ ያስተማረውን ትምህርት ቤት ዞር ብሎ የሚጠይቀው የለም። እዚህ ግን ልጆቻችን በየስፕሪንጉ የሚቀመጡለት የስቴት ፈተና ሲመጣ ሃሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። ህጉ የሚፈትነው ትምህርት ቤቱን ነው። ልጁ ቴርሞሜትሩ የሚገባበት ብብት ነው በሉት፣ ታሟል ተብሎ የተጠረጠረው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። (በርግጥ ለሦስተኛ ክፍል ንባብ የራሳቸውን ህግ አውጥተው ልጅ የሚያስደግሙ ስቴቶች አሉ፣ ፍሎሪዳ አንዷ ናት፣ እሱ ግን የስቴቱ ጉዳይ ነው፣ የፌደራሉ ህግ አይደለም።)

እንግዲህ ዛሬ የማወራላችሁ ስለዚህ ህግ ነው። ስሙ ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድ፣ ማንም ልጅ ወደኋላ አይቅር እንደማለት ነው። ስሙ አሁን ተቀይሯል፣ ፈተናው ግን እንዳለ አለ።

ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። የአሜሪካ ህገ መንግስት ስለ ትምህርት አንድ ቃል አይናገርም፣ ስለዚህ ትምህርት የስቴቶች ነው። የፌደራል መንግስቱ ለህዝብ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ ከጠቅላላው ከመቶ አስር ገደማ ቢሆን ነው፣ አንዳንዴም ከዛ ያንሳል። ግን ያቺ አስር ገመድ ናት፣ ብሩን የወሰደ ስቴት ቅድመ ሁኔታውንም አብሮ ይወስዳል። የገመዱ መጀመሪያ 1965 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የድሆች ልጆች የሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንዲያገኙ የሚለውን ህግ ቴክሳስ ሄዶ፣ ልጅ ሆኖ የተማረባት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ጋ ነው የፈረመው፣ መጀመሪያ ያስተማረችውን መምህር አጠገቡ አስቀምጦ። ታይትል ዋን ሲባል ሰምታችሁ የለ? እሱ ነው፣ እስከዛሬ አለ።

ግን ብሩ በየዓመቱ ይሄዳል፣ ምን አመጣ ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ አልነበረም። 1983 ላይ "ሀገሪቱ አደጋ ላይ ናት" የሚል የኮሚሽን ሪፖርት ወጣ፣ ጩኸት ሆነ፣ 1994 ላይ ስቴቶች ደረጃ ያውጡ ይፈትኑ ተባለ፣ ያደረገ አደረገ ያላደረገም ዝም ተባለ። ከዛ ቡሽ መጣ፣ ትንሹ ቡሽ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጠዋት የት እንደነበረ ታስታውሳላችሁ? ፍሎሪዳ ሳራሶታ አንድ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ልጆች ሲያነቡ ያዳምጥ ነበር፣ ጆሮው ላይ መጥተው ያንን ወሬ የነገሩት እዛ ነው። ለምን ሄደ? የትምህርት እቅዱን ሊያስተዋውቅ ነበር። እቅዱ ከዛ ሁሉ በኋላም ቀጠለ፣ በተወካዮች ምክር ቤት 381 ለ 41፣ በሴኔት 87 ለ 10 አለፈ፣ ሪፐብሊካኑ ቡሽና ዴሞክራቱ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ አንድ ላይ ቆመው ማለት ነው፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ይታሰባል? ጃንዋሪ 8 ቀን 2002 ኦሃዮ ሃሚልተን የሚባል ከተማ አንድ ሃይስኩል ውስጥ ተፈረመ።

ህጉ ያለው ይሄን ነው። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ በየዓመቱ ንባብና ሂሳብ ይፈተን፣ ሃይስኩል ላይ ደግሞ አንዴ። ሳይንስ ቆይቶ ተጨመረ። ከተማሪው ቢያንስ 95 ፐርሰንቱ መፈተን አለበት፣ ደካማውን ዛሬ ቤት ዋል ብሎ ውጤት ማሳመር እንዳይኖር ነው። ውጤቱ ደሞ በጥቅሉ ብቻ አይታይም፣ በየቡድኑ ይከፋፈላል፣ በዘር፣ በድህነት፣ በአካል ጉዳት፣ እንግሊዝኛ ገና እየተማሩ ያሉ በሚል። ከቡድኖቹ አንዱ የዓመቱን ኢላማ ካልመታ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አልመታም ይባላል።

እዚች ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ህጉ ውስጥ ከሁሉም በላይ እኛን የሚነካው ይሄ ነው።

እኔ በዛን ጊዜ አንድ ኤለመንታሪ ውስጥ የክፍል ረዳት ነበርኩ፣ ፓራ የሚሉት። በነገራችን ላይ ህጉ እኔንም ነክቶኛል፣ ታይትል ዋን ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰራ ረዳት ወይ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ይኑረው ወይ ተፈትኖ ይለፍ ስለተባለ፣ የሀገር ቤቱን ትራንስክሪፕት አስተርጉሜ እስኪመጣ መጠበቅ ሰልችቶኝ በስተርጅና ፈተና ተቀመጥኩ። አለፍኩ፣ አትሳቁ! እና ትምህርት ቤቱ ጥሩ ስም ነበረው፣ ሰፈሩ ደህና ነው፣ አማካይ ውጤቱ ቆንጆ ነው። ግን ከኋላ ወንበር አዲስ የመጡ ልጆች አሉ፣ የኛም አሉ የሶማሌም የስፓኒሽ ተናጋሪም አሉ፣ ወረቀትና ከለር ይሰጣቸዋል፣ ይቀባሉ፣ ቀኑ ያልቃል ቤታቸው ይሄዳሉ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ስርዓት ያላቸው ዝምተኛ ልጆች ናቸው፣ መምህሯም ትወዳቸዋለች፣ ብቻ አይቆጠሩም። አማካዩ ውስጥ ሰጥመው ነው ያሉት።

ውጤቱ በቡድን ተከፋፍሎ የወጣ ዓመት ትምህርት ቤቱ ተናወጠ። በጥቅሉ ጎበዝ፣ እንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚለው መስመር ላይ ግን ባዶ ማለት ይቻላል። ፕሪንሲፓሉ የኛን ልጆች ስም የጠየቀኝ ያኔ ነው፣ ሦስት ዓመት አብሬው ስሰራ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስሙን እንዴት ነው የምትጠራው አለኝ፣ ፍቅረማርያም የሚባል ልጅ ነበር እና ሲለማመድ ዋለ። ከወር በኋላ ሁለተኛ የኢኤስኤል መምህር፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የምታስተምር ማለት ነው፣ ተቀጠረች። ስለዚህ ይሄ ህግ ከላይ እስከታች ጥፋት ነበር የሚል ሰው ሲመጣ እኔ አልስማማም። የኛን ልጆች ወረቀት ላይ አውጥቶ ያሳየ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዱላው።

ህጉ በ2014 መቶ ፐርሰንት ልጆች ፕሮፊሸንት ይሆናሉ አለ፣ ማለፊያውን መስመር ይሻገራሉ ማለት ነው። መቶ። አንድም ሳይቀር። ኢላማው በየጊዜው እየጨመረ ይወጣል፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያልደረሰ ታይትል ዋን ትምህርት ቤት "መሻሻል ያለበት" ተብሎ ይሰየማል፣ ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወር ይችላል፣ በሦስተኛው ዓመት ነፃ ቲውተር፣ ከዛ ካሪኩለም መቀየር ሰራተኛ መቀየር፣ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቱን አፍርሶ እንደገና ማዋቀር። ከዝውውሩም ከቲውተሩም የተጠቀመው ወላጅ ትንሽ ነው። እኔ እንዳየሁት ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚደርሰውም ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው፣ የተሻለውም ትምህርት ቤት ሞልቷል።

የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ቡድን ላይ ያለው ነገር ደሞ አስቂኝ ነው፣ ያስለቅሳልም። ልጁ እንግሊዝኛ ሲችል ከቡድኑ ይወጣል አይደል? በቦታው ትናንት ከኤርፖርት የመጣ ይገባል። እና ከዚህ ቡድን መቶ ፐርሰንቱ እንግሊዝኛ አንብቦ ይለፍ ይባላል! ያለፈው ሁሉ የወጣበት ቡድን እንዴት አድርጎ ያልፋል? እንስራ ከላይ እየሞላህ ከስር እየቀዳህ ለምን አልሞላም ብሎ መቆጣት ነው። በኋላ የወጡትን ልጆች ለሁለት ዓመት እዛው መቁጠር ይቻላል ተባለ፣ አሁን ባለው ህግ አራት ዓመት ሆኗል።

ፕሪንሲፓሉ ጋ ልመለስ፣ ስሙን የተለማመደው። በዓመቱ ስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሦስት ቀለም ካርድ ተለጠፈ፣ በእያንዳንዱ ካርድ የልጅ ስም። አረንጓዴዎቹ ያልፋሉ። ቢጫዎቹ ለትንሽ ነው፣ አምስት ስድስት ነጥብ ጎድሏቸው ነው። ቀዮቹ ሩቅ ናቸው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጠው ተጨማሪ ትምህርት ለማን ተመደበ? ለቢጫዎቹ። ለምን ብትሉ ህጉ የሚቆጥረው መስመሩን የተሻገረውን ብቻ ነው፣ ቀይ ልጅ ከዜሮ ተነስቶ ግማሽ መንገድ ቢመጣ ለትምህርት ቤቱ ምንም አያስገኝለትም፣ አረንጓዴውም ቢመጥቅ እንደዛው። ፍቅረማርያም ቀይ ነበር። ማንም ልጅ ወደኋላ አይቅር በሚል ህግ ስም ሆን ተብሎ ወደኋላ ተተወ። ያንን ያደረጉት መጥፎ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፣ ግን ደህና ሰዎች ናቸው፣ ሂሳቡን ሰርተው ነው። በየቦታው እንደዚህ ይሰራ እንደነበር፣ ችካጎ ላይ የተሰራ ጥናትም መሃል ላይ ያሉት ልጆች ሲሻሻሉ ከታች ያሉት ፈቀቅ አለማለታቸውን እንዳገኘ፣ በኋላ ነው ያወቅኩት።

ስቴቶችስ ምን አደረጉ? ህጉ ሁሉም ይለፍ አለ እንጂ ማለፊያው ስንት ነው አላለም፣ ፈተናውንም ማለፊያውንም የሚያወጣው ስቴቱ ራሱ ነው። ታዲያ ዳኛውም ተከሳሹም አንተ ከሆንክ ምን ታደርጋለህ። ኔፕ የሚባል ለሁሉም ስቴት አንድ ዓይነት የሆነ ብሄራዊ ፈተና አለ፣ በናሙና የሚሰጥ፣ ማንም የማይቀጣበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ያሳፍራል፣ ሚሲሲፒ በራሷ ፈተና ከአራተኛ ክፍሎቿ አብዛኞቹ ንባብ ይችላሉ ስትል በኔፕ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። የኔፕ ፕሮፊሸንት ከፍ ያለ ደረጃ መሆኑ እውነት ነው፣ ልዩነቱ ግን በሱ ብቻ አይገለፅም። ሚሲሲፒ ብቻዋን ደሞ አይደለችም።

ከዛ አትላንታ አለ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ይመስለኛል። 2011 ላይ የስቴቱ መርማሪዎች ባወጡት ሪፖርት 44 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 178 መምህራንና ፕሪንሲፓሎች የልጆችን መልስ በማስተካከል ወይ በመሳሰለው ተጠቀሱ፣ በላጲስ! የተሳሳተውን አጥፍተው ትክክለኛውን እያጠቆሩ። 2015 ላይ 11 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፣ የተከሰሱበትም ለማፊያ የተሰራው ዓይነት ህግ ነው። እኔን የከነከነኝ እስሩ አይደለም። ልጁ አያነብም፣ ወረቀቱ ግን ያነባል ይላል፣ ስለዚህ ተጨማሪ እርዳታ አያስፈልገውም ተብሎ ታለፈ። ቴርሞሜትሩን በረዶ ውስጥ ነክረህ ትኩሳት የለህም እንደማለት ነው።

ሌላውን ፈጠን ልበል። ሙዚቃና ስነ ጥበብ ሶሻል ስተዲስ ሰዓታቸው ተቀነሰ፣ ስለማይፈተኑ። ውጤትስ አልመጣም ወይ ለሚል፣ መጥቷል፣ በሂሳብ በተለይ አራተኛ ክፍል ላይ ጥናቶች የሚታይ መሻሻል አግኝተዋል፣ በንባብ ግን ይሄ ነው የሚባል የለም። ንባብ ከቤት ይጀምራል የሚሉ አሉ፣ ሂሳብ ግን ትምህርት ቤት ነው የሚሰራው። ይመስለኛል።

2011 ላይ ከሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች ግማሽ የሚሆኑት ኢላማውን ሳቱ። ግማሽ ሰው ወድቆ ተማሪው ሰነፍ ነው አይባልም። ኮንግረስ ህጉን ማደስ አቅቶት ዓመታት አለፉ፣ ኦባማ በዛው ዓመት ይሄን ይሄን ካደረጋችሁ ከመቶ ፐርሰንቱ ነፃ ትሆናላችሁ ብሎ ለስቴቶች ፈቃድ መስጠት ጀመረ፣ ከ40 በላይ ስቴቶች ወሰዱ። ዋሽንግተን ስቴት የመምህራን ምዘናን ከስቴት ፈተና ጋር አላያይዝም ብላ 2014 ላይ ፈቃዷን ተነጠቀች፣ ሲያትል ያሉ ዘመዶች ያን ዓመት ትምህርት ቤታችሁ አልተሳካለትም የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ደውለውልኝ ነበር፣ ትምህርት ቤቱ አምና የነበረው ነው፣ የተቀየረው ወረቀቱ ነው።

ዲሴምበር 10 ቀን 2015 ነው አዲሱ የተፈረመው፣ ኤሳ ይሉታል፣ እያንዳንዱ ተማሪ ይሳካለት የሚል ስም። ፈተናው እንዳለ ቀረ፣ በነዛው ክፍሎች፣ 95 ፐርሰንቱም፣ በቡድን መከፋፈሉም። የቀረው ዱላው ነው፣ መቶ ፐርሰንት የለም፣ ምን እርምጃ ይወሰድ የሚለውን ስቴቶች ይወስኑ ተባለ፣ ግን ከታች ያሉትን አምስት ፐርሰንት ትምህርት ቤቶችና ከሦስት ልጅ ሁለቱን እንኳ የማያስመርቁ ሃይስኩሎችን ለይተው ይርዱ። ከፈተና ውጪ ሌላም መለኪያ ይጨመር ተባለና ብዙ ስቴቶች ከትምህርት የሚቀሩ ልጆችን ቁጥር መረጡ፣ ስለዚህ ልጃችሁ ሲቀር አሁን አሁን አጥብቀው የሚደውሉላችሁ ለፍቅር ብቻ አይደለም። እኔ ብጠየቅ መቁጠሩ እንዳለ ሆኖ ዱላውን መቀነሱ ትክክል ነው፣ ግን ዱላው ሁሉ ሲጠፋ ያ የኢኤስኤል መምህር ትቀጠር ነበር ወይ የሚለውን እስከዛሬ አልመለስኩትም።

እዚህ ጋ ጥያቄ ያላችሁ አለ? እሺ እህቴ... እሺ... እህታችን የምትለው ልጇ እዚሁ ተወልዳ እንግሊዝኛ ብቻ እየተናገረች እንዴት ኢኤስኤል ተባለች ነው። ስታስመዘግቢያት አንድ ፎርም ሞልተሻል፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድነው የሚል፣ አማርኛ ብለሻል፣ ልክ ነሽ አትዋሺ። ያ ሲሆን ይፈትኗታል፣ ፈተናው ላይ ነጥቧ ካነሰ ኢኤስኤል ትመደባለች። እዚህ ጋ መብትሽ ይሄ ነው፣ ትምህርት በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ለምን እንደመደቧት ሊያሳውቁሽ ይገባል፣ በተቻለ መጠን በሚገባሽ ቋንቋ ነው የሚለው ህጉ፣ በአማርኛ ስጡኝ በይ አትፈሪ። አልፈልግም ብለሽ ማስወጣትም ትችያለሽ። ግን ብታስወጫትም ደረጃውን እስክታልፍ በየዓመቱ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ትወስዳለች፣ እርዳታውን አጥታ ፈተናው ብቻ ይቀርላታል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከመምህሯ ጋር ሳታወሪ አትወስኚ። ሌላው ስለ መምህሯ፣ ታይትል ዋን ትምህርት ቤት ከሆነ የመምህሯን ብቃት ማስረጃ መጠየቅ ትችያለሽ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ህግ ነው።

ጋሼ ይቅርታ፣ እርስዎ እጅ አውጥተው ነበር። አዎ... ጋሼ የሚሉት ወታደሮቹ ስልካችንን ከየት አመጡት ነው፣ የልጅ ልጃቸው ሃይስኩል ነው። ይሄ ደሞ ማንም የማያነበው የዚሁ ህግ አንቀፅ ነው፣ 2002 ላይ ገብቶ አሁንም አለ፣ ገንዘብ የሚወስድ ሃይስኩል ለወታደር መልማዮች የተማሪ ስም አድራሻና ስልክ ይሰጣል፣ ወላጅ በፅሁፍ አልፈልግም ካላለ በስተቀር። የልጁ እናት ለትምህርት ቤቱ ቢሮ አልፈልግም ብላ አንድ ገፅ ትፃፍ፣ ይቀራል።

መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚጠይቀኝን ራሴ ልጠይቅ፣ ልጄን ከፈተናው ማስቀረት እችላለሁ ወይ። በየስቴቱ ይለያያል። ኒውዮርክ 2015 ላይ ከሚፈተኑት ከአምስት ልጅ አንዱ ቀርቷል፣ ወላጆች በዝተው። ማሳቹሴትስ ደሞ 2024 ላይ የሃይስኩሉን ፈተና ሳታልፍ አትመረቅም የሚለውን ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አንስቶታል፣ እዛ ያላችሁ የቆየ መረጃ ይዛችሁ ልጅ አታስጨንቁ። እኔ ግን የኛ ልጆች ባይቀሩ እመርጣለሁ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ካርድም ቢሆን ስማቸው ይኑር።

ያ ማታ የደወለው አባት እዚህ አለ፣ አላስቆመውም አይዟችሁ። በሉ ደብዳቤውን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ እዚህ ጠረጴዛ ጋ ኑ፣ መጀመሪያ ሁለተኛውን ገፅ ግለጡት፣ ከልጁ ነጥብ ስር የትምህርት ቤቱና የዲስትሪክቱ አማካይ በትንንሹ ተፅፏል፣ እሱን ነው አብረን የምናነበው።